ዶክተሯም ሞተች፣ አባዬ

አባዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። በሕይወት እያለህም ለዚህ ጥያቄ ከ«ደህና» ሌላ መልስ ኖሮህ አያውቅም፤ እዚያ ሄደህ ወሬ ትጨምራለህ ብዬ አላስብም። ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ጉለሌ እንደተውካት ናት፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ጭጋግ እስከ ረፋድ አይነሳም። እማዬ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። ጽሑፌን ታገሠኝ፤ አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ከዚህ የተሻለ አይጽፍም፣ ያኔም ነግረኸኛል።

ጎሚስታ ቤትህ የለም። ፈርሶ መንገድ ሰፍቶበታል። ጎማ የምትነክርበት በርሜል የነበረበት ቦታ ላይ አበባ ተተክሏል፣ መብራትም አለው። ሰዉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ፎቶ ይነሳበታል። እኔም ተነስቻለሁ፣ አንተ በሆድህ ተኝተህ ክሪክ ስታስገባ በኖርክበት ቦታ እንደ ሙሽራ ቆሜ። እኔ እዚያው አዲሱ ገበያ ስልክ እጠግናለሁ። ደንበኛ አለኝ፤ ግማሹ ስልኩን ሊያሠራ፣ ግማሹ ሊሰድበኝ ይመጣል።

ሌላው ለውጥ ቴሌቪዥኑ ነው። አንተ ያረፍክ ቀን እማዬ ነጠላ አለበሰችው። ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ እሺ፣ ደግ። አርባህ ወጣ፣ አልገለጠችውም። ሰማንያህ ወጣ። ሙት ዓመትህ ወጥቶ ዘመድ ተበትኖ እንኳ ነጠላው እዚያው ነው። ውስጡ አይጥ ወልዳለች ብላት «ትታረስ ታዲያ» አለችኝ። 

አሁን የምናገረውን አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን ደብዳቤው ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ግራ እንዳይገባው ልጻፈው። አንተ፣ ጋሽ ታደለና ጋሽ ሽፈራው ጎረምሶች እያላችሁ ቀበሌ አዳራሽ ወለል ላይ ተቀምጣችሁ ያያችሁት አንድ የውጭ ተከታታይ ፊልም ነበር። ጠፈር ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው ቤታቸውን የሚፈልጉ አራት ሰዎችና አንድ ሰው ሠራሽ ፍጡር። ስማቸውን ማንበብ ስላልቻላችሁ ስም አወጣችሁላቸው፦ አዛዡ፣ ሂሳብ አዋቂው፣ አብሳዩ፣ ዶክተሯ። ያ የብረት ልብስ የሚለብሰው ደግሞ ቆርቆሮው። በኋላ ሥራ ስትይዙ ተከፋፈላችኋቸው። ጋሽ ታደለ ማተሚያ ቤት ፈረቃ አዛዥ ስለነበሩ አዛዡን ወሰዱ። ጋሽ ሽፈራው ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሸምኑ ክር ስለሚቆጥሩ ሂሳብ አዋቂው ሆኑ፣ የገንዘብ መልስ ሲቀበሉ ሁልጊዜ ቢሳሳቱም። አንተ ጉልበትህ ስለማይታጠፍ፣ ስትራመድም ስለምትንቀጫቀጭ፣ ቆርቆሮው ሆንክ። አብሳዩንና ዶክተሯን የሚወስድ ጠፋ። የጉለሌ ወንድ ጠፈር ሄዶም ምግብ አይሠራም።

እንግሊዝኛ ደግሞ ሦስታችሁም አትሰሙም። ስለዚህ ንግግሩን ራሳችሁ ፈጠራችሁት። ጅቡቲ የሚመላለስ ሹፌር የፊልሙን ካሴት ካመጣላችሁ በኋላ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ትሰበሰባላችሁ፣ እያንዳንዳችሁ የድርሻችሁን በአማርኛ ትናገራላችሁ። እኔ አማርኛ የሚናገሩ ፈረንጆች እንዳሉ አምኜ ነው ያደግኩት። ካሴቱ ሊበጠስ ሲል ፍላሽ ላይ የገለበጥኩላችሁ ቀንስ? አዛዡ በመስኮቱ ጨረቃ ሲያይ፣ መሃል ላይ ቀርጬ ደብቄ ያስገባሁት የእኔ ፊት ብቅ ብሎ «አባዬ፣ ሰው ጎማ ይዞ ቆሟል» አለ። ጋሽ ሽፈራው አማተቡ። አንተ ጫማህን አውልቀህ አሯሯጥከኝ፣ ከዚያ ተመልሰህ «እስቲ ድገመው» አልክ።

ከተዋንያኑ አንዱ በሞተ ቁጥር ወሬው ሲደርሳችሁ ለቅሶ ትቀመጡ ነበር። ማለቴ የምር ለቅሶ፣ ጋቢ ለብሳችሁ፣ ንፍሮ ቀርቦ፣ ሟቹ ጎበዝ የሆነበትን ክፍል እያያችሁ። እማዬ ንፍሮውን ቀቅላ ታቀርብና «ለማያውቃችሁ ሰው» እያለች ወደ ጓዳ ትገባለች። አዛዡ ሲሞት ጋሽ ታደለ ሳምንት ሙሉ ጥቁር ከረባት አሰሩ። የቆርቆሮው ለቅሶ ግን ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሰውዬው እድሜውን ሙሉ ከብረቱ ውስጥ ስላልወጣ ፊቱን ያየኸው የሞቱ ዜና ላይ ነው። ስልኬን ተቀብለህ ወደ ዓይንህ አስጠጋኸው። «እንዲህ ነው እንዴ መልኩ» አልክ። «ጎሚስታ ይመስላል።»

ከዚያ አንተ ሄድክ። ለቅሶህ ላይ ከገጠር የመጣችው እህትህ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአዛዡን ፎቶ አይታ ማን ነው ብትለኝ የክርስትና አባቴ ነው አልኳት። እሱንም አብራ አለቀሰችው። ጋሽ ታደለ ጥግ ላይ ሆነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሰው ሁሉ አልቅሰው ነው ብሏል። እኔ አውቃለሁ ምን እንደነበር።

ከሙት ዓመትህ በኋላ ጋሽ ታደለና ጋሽ ሽፈራው እሁድ መጥተው ነበር። ተቀመጡ። ነጠላ የለበሰውን ቴሌቪዥን አዩት። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጤፍ አወሩ፣ ሄዱ። በሌላው እሁድም እንደዚያው። ከዚያ በየሳምንቱ መምጣት ቀረ፣ ከዚያ በየወሩም ቀረ። አባዬ፣ አንተን መቅበሩን ችዬዋለሁ። የእናንተ ነገር ሁሉ አብሮህ እንዳይቀበር ግን ፈራሁ። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገርስ ማን ከእኔ አፍ ቁም ነገር ይጠብቃል።

በቀደም ሱቅ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ዜናውን አየሁት። ዶክተሯ ሞታለች። ከአምስቱ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ጋሽ ታደለ ጋ ደወልኩ። «አንተ ቀልማዳ፣ ባለፈው አዛዡ ከሞት ተነሳ ብለህ ደውለህልኝ የለም ወይ» ብለው ዘጉት። እውነታቸውን ነው። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ፎቶዋን አሳየኋቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለጋሽ ሽፈራው ልደውል ስል ግን ከለከሉኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ጠዋት በማለዳ ጋቢ ለብሰን በሥርዓቱ እናረዳለን አሉ። ሥርዓቱ ምን እንደሚያመጣ ማን አስቦ።

ጋሽ ሽፈራው ከእኛ አጥር ጀርባ እንደሚኖሩ ታውቃለህ። ገና ሳይነጋጋ በሩን አንኳኳን። የከፈቱት ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። ሁለት ጋቢ የለበሰ ሰው በዚያ ሰዓት ደጃቸው ላይ ሲያዩ አንድም ቃል አልጠበቁም። ራሳቸውን ይዘው «ወንድሜን!» ብለው ጮኹ። አባዬ፣ ያ ጩኸት ሰፈሩን አስነሳው። ወንዱ ካፖርቱን እየደረበ፣ ሴቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ጥሩምባውን ይዞ ሊወጣ ነው ተባለ። ወንድማቸው እንዳልሆነ ምለን ተገዝተን እትዬ ብርቄን ዝም ካሰኘን በኋላ ጥያቄው መጣ፣ ታዲያ ማን ነው የሞተው?

ጋሽ ታደለ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። ጋሽ ሽፈራው በረንዳ ላይ ባዶ እግራቸውን ቆመዋል። ስለዚህ እኔ እውነቱን ተናገርኩ። የፊልሙ ዶክተር ናት አልኩ። በሕይወቴ እውነት ተናግሬ እንደዚያ የተጠላሁበት ቀን የለም። የዕድሩ ዳኛ ኮሌታዬን ያዘ። «በሞትም ትቀልዳለህ?»

በዚህ መሃል እማዬ ደረሰች። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። እኔን አየች፣ ባርኔጣውን አየች፣ የጋሽ ሽፈራውን ፊት አየች። ጠጋ ብላ በቀስታ «ዶክተሯ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ወደ ሰዉ ዞረች።

«የባለቤቴ ወገን ናት» አለች። «ውጭ አገር ነው ያረፈችው። ለቅሶው እኛ ቤት ነው።»

ዳኛው ኮሌታዬን ለቀቀ። ዝምድናዋ በምን በኩል እንደሆነ፣ ዕድሩ የሚመለከታት መሆን አለመሆኑን ሊጠይቅ ጀመረ። «ክፈል አላልኩህም፣ አግዳሚ ላክልኝ» ብላው ቀድማ ሄደች።

ስንደርስ ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ አንስታ አጥፋ አስቀምጣለች። «ፍላሹን አምጣ» አለችኝ፣ ጨው አምጣ እንደምትለኝ። ጎረቤቱ ግድግዳውን ተደግፎ ሞላ። ንፍሮው ከየቤቱ ቀረበ። ሴቶቹ ሟቿ የትኛዋ እንደሆነች ጠይቀው ካወቁ በኋላ ብቅ ባለች ቁጥር ከንፈር ይመጣሉ፣ ምን የመሰለች ልጅ ነበረች፣ ቅጥነቷን እያዩም መቼም እህል አትቀምስም ነበር ይላሉ። የመረጥነው ቆርቆሮው ተመትቶ የሚወድቅበትን ክፍል ነው። ዶክተሯ ስታቅፈው የምትለውን ሁልጊዜ አንተ ነበርክ የምትልላት፣ እሷን የወሰደ ሰው ስላልነበረ። ቦታው ሲደርስ ጋሽ ታደለ አቀረቀሩ። ጋሽ ሽፈራው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። 

እማዬ ከበሩ ተነስታ ተናገረችው። «አይዞህ፣ አንዲት ብሎን ናት የላላችው።»

ቃል በቃል፣ አባዬ። በአንተ ድምፅ አወጣጥ ጭምር። ያን ሁሉ ዓመት ጓዳ ገብታ «ለማያውቃችሁ ሰው» ስትል ጆሮዋ እኛ ጋ ነበር። ዶክተሯ እውነት ምን እንዳለች ከኢንተርኔት ፈልጌ አይቻለሁ። የአንተ ይሻላል።

ሰው ከሄደ በኋላ ሳህን ስታጥብ ቴሌቪዥኑን ያን ያህል ጊዜ ለምን እንደሸፈነችው ጠየቅኳት። አልተቆጣችም። የቆርቆሮው እግር ሲንቀጫቀጭ እንዳልሰማ ብዬ ነው አለች።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እንደ ድሮው ሆኗል። ጋሽ ታደለና ጋሽ ሽፈራው ይመጣሉ። እማዬ ዶክተሯን ወስዳለች፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጋሽ ታደለን «እሱ እንደዚያ አላለም» እያለች ታርማቸዋለች፣ አዛዥነታቸው አልቆለታል። እኔን አብሳዩ አድርገውኛል፣ ሌላ የሚወስደው ስለጠፋ። ከእንግዲህ የሚሞትብን ተዋናይ የለም፣ አምስቱም ሄደዋል። የቀረነው እኛ ነን።

አንተን ግን ለማንም አልሰጠንህም። ቆርቆሮው ሲገባ የሚናገርለት የለም። ድምፁ ብቻ ይሰማል፣ ወለሉ ላይ ሲንቀጫቀጭ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ያዳምጣል። ያኔ እኔም አልቀልድም። የምሰጥህ ቃል ይሄ ነው አባዬ፦ እሁድ እሁድ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ አንተም በገባህ ቁጥር አፌን እዘጋለሁ። ከእኔ ይሄ ምን ያህል እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ልጅህ