ስለ ጠጠረው ማርሼ ለአቶ ምንያህል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ምንያህል፣
ከኮተቤ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር ላለው ጋራዥ ባለቤትና ዋና መካኒክ፣ በሰፈሩ ሰው አጠራር ደግሞ «ፕሮፌሰር»

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። ወገብዎ መኪና ሥር ከመተኛት፣ ጆሮዎ ሞተር ከማዳመጥ፣ አንደበትዎም «ችግሩን አውቄዋለሁ» ከማለት አይድከም። ምስጋናዬን በግልጽ ደብዳቤ ያደረግሁት፣ የእርስዎን የመሰለ ሙያ በሁለታችን መካከል ብቻ ተሸሽጎ እንዳይቀር በማሰብ ነው።

ከብዙ ደንበኞችዎ መካከል ምናልባት ተዘንግቼብዎት ከሆነ ራሴን ላስታውስዎ። አስረሳሽ ወልደሰንበት እባላለሁ፤ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ያችን ባለ ሁለት በር ቀይ የስፖርት መኪና የማመጣልዎ እኔ ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ዜጋ ላይ የገዛት እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነበር፤ እስኪሞት ድረስም ከእኔ ባላነሰ ሲሳሳላት ኖሯል። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ወይዘሮ ብርቄ ከቤት የምትወጣው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በአባቴ መኪና ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ለጉልበቷ ጠበል ልትጠመቅ ወደ እንጦጦ እንወጣለን። ስንሄድም ስንመለስም ታወራለች፤ በሌሎቹ ስድስት ቀናት ግን ብዙም አትናገርም።

እንግዲህ የዚያች መኪና ማርሽ ባለፈው ዓመት መጠጠር ጀመረ። መጀመሪያ ከአንድ ወደ ሁለት ሲገባ ብቻ ነበር የሚያስቸግረው፤ እየዋለ ሲያድር ሁሉም ማርሽ በትግል የሚገባ ሆነ። ወደ እርስዎ መጣሁ። ስለ ተደረገልኝ ነገር ያለኝን ምስጋና በቁጥር አቀርባለሁ፤ ሙያዬ ነውና አይፍረዱብኝ።

1ኛ. ቁልፉን ሳይቀበሉ፣ መኪናዋን ሳይነኩ፣ ከተቀመጡበት ጎማ ላይም ሳይነሱ በሽታዋን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። «እህቴ፣ መኪናው ምንም አልሆነም፤ የሴት እጅ ሆኖ ነው» አሉኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከአባቴ ጋር እየተፈራረቅን ስንነዳት ማርሹ የሴት እጅ መሆኑን ሳያውቅ ቆይቶ፣ በስተርጅና ነቅቶብኛል ማለት ነው። ያን ሳምንት ጠመኔ ባነሳሁ ቁጥር ክንዴን በጥርጣሬ ሳየው ሰነበትኩ።

2ኛ. ክንዴ ነጻ ከወጣ በኋላ «ዘይቱ ወፍሮ ነው» ብለው የካምቢዮውን ዘይት ስለቀየሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ዘይቱ ተቀየረ፤ ማርሹ አልተቀየረም።

3ኛ. ቀጥለው ጥፋቱን ፍሪሲዮኑ ላይ ጥለው፣ ካምቢዮውን አውርደው የፍሪሲዮን ዲስክ ስለለወጡልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ቃል ያጥረኛል። በዚያን ዕለት ሳላፍር አንድ ጥያቄ ጠይቄዎት ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ መኪናዋ ቆማ ሳለም ማርሹ ያው ይጠጥራል፤ ሞተር ጠፍቶ ከሆነ ፍሪሲዮን ምን አገባው ብዬ ነበር። እርስዎም በትህትና «አንቺ ሒሳብሽን አስተምሪ» አሉኝ። አስተማርኩ። መኪናዋን ስረከብም ሦስት ብሎኖች በፌስታል ቋጥረው «ትርፍ ናቸው» ብለው ሰጡኝ። መኪናዋ ያለ ጥቅም ይህን ያህል ዘመን ተሸክማቸው መኖሯ አሳዝኖኛል።

4ኛ. ማርሹ ያው ሆኖ ሳለ «አሁን ወደፈለግሽበት ሂጂ» ብለው በልበ ሙሉነት ስለሸኙኝ አመሰግናለሁ። ወደፈለግሁበት ሄድኩ፤ እናቴም አጠገቤ ነበረች። የእንጦጦ ዳገት መታጠፊያው ላይ ሁለት አልገባ አለኝ፤ አንድም አልመለስ አለኝ። መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተት ጀመር። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፤ ወደ ጠበል የሚወጡ ሰዎች ሮጠው ጎማው ሥር ድንጋይ ባያስገቡልን ኖሮ ይህን ምስጋና የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። እናቴ ከጠበል ስንመለስ ሁልጊዜ የምታደርገው አንድ ነገር አላት። ከያዘችው ጠርሙስ በመዳፏ ትቀዳና፣ ልጇን ከአደጋ እንዲሰውርላት እየለመነች እጄና ማርሹ ላይ ትረጫለች። ማርሹ እየጠጠረ ሲሄድም መጠኑን እየጨመረች ነበር። በዚያን ቀን ከአደጋው ተርፈን፣ በሰው ግፊያ ደርሰን ስንመለስ፣ ጠርሙሱን እስከ መጨረሻ ጠብታው ማርሹ ላይ አፈሰሰችው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አሜን አልኩ። ይህን ከእርስዎ አልደብቅም፤ እኔም አልጠረጠርኩም።

5ኛ. ዋናው ምስጋናዬ ይሄኛው ነው። በአራተኛው ምርመራ አገኙት። ማርሹን የሚከበውን ቆዳ ወደ ላይ ገለጡ፤ ወር ሙሉ ማንም ያልገለጠው፣ ከአራት ብሎን በላይ የማይይዘውን ያን ቆዳ። የማርሹ ዘንግ የሚዞርበት ድቡልቡል ብረት ዙሪያውን ዝጎ ተጣብቋል። አወጡት፣ አጸዱት፣ ግራሶ ቀቡት፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፈጀም። እውነት እላለሁ፣ ዛሬ ማርሹ በሁለት ጣት ይገባል።

በዚያን ዕለት እናቴ ጋራዥዎ ውስጥ ወንበር አቅርበውላት ተቀምጣ ነበር። ስለ ወንበሩም አመሰግናለሁ። እርስዎ ያን የዛገ ብረት በጨርቅ ይዘው ወደ እሷ ሄዱና፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚሰማበት፣ «እማማ፣ ማርሹን የገደሉት እኮ እርስዎ ነዎት! ጠበል ለሰው ነው እንጂ ለብረት ይሆናል እንዴ?» አሏት። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከድካሜ ብዛት፣ ተገኘልኝ ብዬ ሳቅሁ። እናቴ ብረቱን ተቀብላ በሁለት እጇ ይዛ አየችው፤ ከዚያ መለሰችልዎና ነጠላዋን አስተካከለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰባት ቅዳሜ አልፏል፤ እናቴ እንጦጦ አልወጣችም። እርስዎ የተናገሩት ስለ ውሃና ስለ ብረት ነበር። እሷ የሰማችው ሌላ ነው። ጠበል ምንም ነገር ሊያበላሽ እንደማይችል ታውቃለችና፣ ያበላሸው የረጨችው እጅ ነው ብላ ደመደመች። «ጠበሉ ምን አደረገ፤ የኔ ኃጢአት ነው እንጂ» አለችኝ። የንስሐ አባቷን ቤት ድረስ አመጣሁላት። ውሃ ከየትም ይቀዳ ከየት ብረትን እንደሚያዝግ፣ ይህም ከኃጢአት ጋር እንደማይገናኝ መከሯት። እሺ አባቴ ብላ መስቀል ተሳለመች፤ በማግስቱ ቅዳሜ ግን ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው ብላ ቀረች። ጉልበቷ ደህና አይደለም፤ ግድግዳ እየያዘች ነው የምትሄደው። በታክሲ እንሂድ አልኳት፣ እምቢ አለች። እኔም ሚስማር በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ ሲዝግ አሳየኋት፤ «አንቺ ተምረሻል፣ እኔን ለማጽናናት ነው» አለችኝ። መኪናዋን ከግቢ ሳስወጣ በር ትከፍትልኛለች፤ ነጠላዋ ጫፉ እንኳ እንዳይነካት ሰብሰብ አድርጋ ግድግዳው ላይ ትለጠፋለች። «እንዳላበላሽብሽ» ትላለች። የአባቴን መኪና፣ ሠላሳ ዓመት የተቀመጠችባትን።

አቶ ምንያህል፣ እኔ ከዚህ በላይ የማደርገው ጠፍቶኛል። ለዚህ ነው ምስጋናዬን ከአንድ ልመና ጋር የማቀርበው። እናቴ ቄሱንም እኔንም አላመነችም፤ ያመነችው እርስዎን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በሽታውን ያገኙት እርስዎ ነዎት። እባክዎ አንድ ቀን ወደ ቤታችን ብቅ ይበሉና ተሳስቻለሁ ይበሏት። ዝናብ ነው፣ እጥበት ነው፣ የመኪናው እርጅና ነው፣ ያሻዎትን ይበሏት። ለእኔ በዘይትም በፍሪሲዮንም ያለ ስስት ሲሳሳቱልኝ ከርመዋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ለእሷ ይሳሳቱላት።

መልካም ፈቃድዎን በትዕግሥት እየጠበቅሁ፣ እጅዎ ከግራሶ፣ ደጅዎም ከደንበኛ እንዳይለይ እየተመኘሁ፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የሁልጊዜ ታማሚዎ፣
አስረሳሽ ወልደሰንበት
ካራ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልዎ ለእናቴ ነግሬያት ነበር። በእኔ ምክንያት ያን ያህል የደከሙትን ሰውዬ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብላኛለችና፣ ይኸው ይቅርታዋ ይድረስዎ። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ከማናችንም አንደበት የወጣ ይቅርታ እሱ ብቻ ነው።