ታቦቱ ያላጎነበሰለት በረንዳ

ደባርቅ፣ ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለምናፍቀውም ለምቆጣውም ባለቤቴ ለአለነ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከአንድ ኀፍረት በቀር። እሱንም ከሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ሚካኤል ወደ መንበሩ ሲመለስ፣ ታቦቱ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ከበሮው ዝም ብሎ፣ ሕዝቡ ደንግጦ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሳለ እኔ እልል አልኩ። ብቻዬን! ያውም አጭር እልልታ እንዳይመስልህ። ጎረቤታችን ውቢት በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «ኧረ በሕግ አምላክ ዘቢደር! ታቦት ሲቆም ይለቀሳል እንጂ እልል ይባላል እንዴ?» አለችኝ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነው ያቆምኩት። የነፍስ አባቴ ስግደት ሰጥተውኝ ጉልበቴ አብጧል። ግን አለነ፣ ስወድቅም ስነሣም እስቃለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣልህ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ወደ በየዳ ከወጣህ ወዲህ አለምነህ ጭራሽ ሰው አይንካኝ ብሎ ነበር። ያንተው አለምነህ! የግንባታ ቁጥጥር ኃላፊ ይሁን ተብሎ በስብሰባ «የሚቃወም አለ?» ሲባል፣ «አብሬው ተምሬያለሁ፣ እጁ ንጹሕ ነው» ብለህ የተነሣህለት ጓደኛህ። ሰው ያጨበጨበው አንተን አምኖ ነው እንጂ እሱን ማን ያውቀዋል? ወንበሩ ላይ በወጣ በመንፈቁ ሜትሩን ይዞ የኛው ደጅ ቆመ። ለተማሪዎች የምናከራያት ክፍል የመንገድ ወሰን ውስጥ ገብታለች አለ። ያን ቀን የተናገረውን እኔ እንደ ዳዊት ነው የምደግመው። «እትዬ ዘቢደር፣ ይህ የታቦት መንገድ ነው። ለታቦት ሲባል ቢፈርስ ጽድቅ ነው።» የቀን ሠራተኛው ልደቱ ግድግዳዋን በዲጂኖ ሲንዳት አንተ አጥሩን ተደግፈህ መሬት መሬት ታይ ነበር። «ለእግዚአብሔር ተይው» አልከኝና በማግስቱ ለእህትህ ገብስ ልወቃ ብለህ ሄድክ።

ለፈረሰችው ክፍል የጣሪያ ግብር ክፈሉ የተባልነው ከሄድክ በኋላ ነው። «ጣሪያዋ የት አለና?» ብዬ ቢሮው ሄድኩ። «ሲስተሙ ላይ አልፈረሰችም» አሉኝ። አቤት ስላልኩ ደግሞ አለምነህ የቀረውን ቤታችንን ቀይ ቀለም አስቀባው። ከጥምቀት በኋላ ይፈርሳል ማለት ነው።

እኔም እንዳልከኝ ለእግዚአብሔር ተውኩት። መንገዱን ብቻ ነው የጠቆምኩት።

የአለምነህን አዲሱን ፎቅ አላየኸውም። ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ መታጠፊያው ላይ ነው። የእንጨት በረንዳውን ወደ መንገዱ አውጥቶ አውጥቶ ከማዶ አጥር ሊያገናኘው ምንም አልቀረው። ሜትር የያዘውን ሰውዬ ማን ይለካዋል? በረንዳ ደግሞ ከላይ ለተቀመጠበት ሰፊ ነው፤ ጠብቦ የሚታየው ከሥሩ ለሚያልፍ ነው። ታቦቱ መንገዳችን ጠባብ ነው እየተባለ ስንት ዘመን በአስፋልቱ ሲያልፍ እንደኖረ ታውቃለህ። ስለዚህ ገና ጾሙ ሳይፈታ ቄሰ ገበዙን አባ ገብረ ኪዳንን ሄጄ ደጅ ጠናሁ።

«አባ፣ መንገዱ በታቦት ስም በእኔ ቤት ላይ ሰፍቷል። ታቦቱ ካላለፈበት ክፍሌ በከንቱ ፈረሰች ማለት አይደለም?»

ጢማቸውን አሻሹ። «እውነትሽን ነው ልጄ። የጥንቱም መንገድ እሱ ነው። ከታች በኩልስ ያሳልፋል?»

«እዚያ የሚኖረው የግንባታ ኃላፊው ራሱ ነው፣ አባ። በእሱ ደጅ ሕግ ይጣሳል እንዴ?»

ይህችን አንተ ብቻ እወቃት።

አለምነህ ታቦት በደጄ ሊያልፍ ነው ብሎ ደረቱን ነፋ። አለቆቹን ጋበዘ፣ በረንዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ወንበር ደረደረ። ዕለቱ ደረሰና ቀሲስ ፀጋው ታቦቱን አክብረው፣ በፈረሰችው ክፍላችን ቦታ ዘና ብለው አለፉ። እዚያ ጋ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽህም። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቁመታቸውን ታውቃለህ፤ ታቦቱ ከራሳቸው በላይ ነው፣ ከዚያ በላይ ጥላው። ጥላው ታጠፈ፤ አሁንም አያሳልፍም። ካላጎነበሱ ማለፍ የለም፤ ታቦት አክብሮ ማጎንበስ ደግሞ የለም። ከበሮው እየሰለለ ሄዶ ዝም አለ። ከላይ አለምነህና እንግዶቹ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከታቦት በላይ!

«ውረዱ!» አለ አንዱ። «ከታቦት በላይ ቁጭ ያለው ማነው?» አለ ሌላው። እንግዶቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በደረጃው ሲተራመሱ ብታይ! አለምነህን የሾመው አለቃ ወርዶ፣ ከሥሩ ቆሞ፣ ቀና ብሎ አየና «ይህን በረንዳ ማነው የፈቀደው?» አለ።

መንገድ ሙሉ ሰው ባንድ አፍ «ራሱ!» አለ።

ከዚያ ሁሉም ምን እንዳለ ገብቶት ደንግጦ እጁን አፉ ላይ ጫነ። እኔ ግን ያኔ ነው እልል ያልኩት።

አባ ገብረ ኪዳን መቋሚያቸውን ተደግፈው «ታቦት ለሰው በረንዳ አያጎነብስም። እንጠብቃለን» አሉ። አለምነህ ላቡን እየጠረገ «አባታችን፣ ነገ አነሣዋለሁ። ለዛሬ በአስፋልቱ ቢሆን...» ሲል ውቢት፣ ያችው በክርኗ የጎሸመችኝ፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ለታቦት ሲባል ቢፈርስ ጽድቅ ነው!» ሰውም ተቀብሎ አስተጋባው። በመጨረሻ አለምነህ በማይሰማ ድምፅ «አፍርሱት» አለ። ልደቱ ከሕዝቡ መሐል ወጥቶ ከራሱ ከአለምነህ ግቢ ዲጂኖ አስመጣ። የእሱም ጎጆ ቀይ ተቀብታለች ለካ! ጣውላው እየጮኸ ሲገነጠል ጆሮዬን ደስ አለው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ትናንት ደግሞ አለምነህ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌ ደጅ እንደማይቆም አላጣሁትም። ግን «ቀይ የተቀባ ቤት ነው አባቶቼ፣ ቢፈርስባችሁስ?» ብዬ ክፍላችን በነበረችበት ባዶ ቦታ ላይ አቆምኳቸው። የደባርቅን ንፋስ ታውቀዋለህ። «ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ አትናገሪብኝ፤ ያንቺን ቀለም አስጠፋዋለሁ» አለኝ። የእኔን ብቻ! የውቢትስ? የልደቱስ? ቤቴን በእጄ ላይ አድርጎልኝ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ አንተ አታውቅም፣ እዚህ የለህማ። «ባለቤቴ ሳይኖር አልመልስም» አልኩት። ይቅርታውን ከወንበሩ ከወረደ በኋላ አስብበታለሁ።

አለቃው ስብሰባ የጠራው አንተ በመሰከርክለት በዚያው አዳራሽ ነው። አለምነህ ይውረድ ወይስ ይቆይ፣ የቀባቸው ቤቶች ሁሉ እንደገና ይለኩ ወይስ ይፍረሱ፣ እዚያ ይቆረጣል። የመሰከረለት ሰው ቆሞ ቃሉን ያጽና ወይም ያንሣ ተብሏል። ያ ሰው አንተ ነህ። ሰው «አለነ የት ሄደ?» ሲለኝ «ውቂያ ላይ ነው» እላለሁ። የሰሜን ገብስ ሁሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ያንተ አውድማ ብቻ ነው ያላለቀው?

ይህን ደብዳቤ የጭነት መኪናው ሹፌር ያደርስልሃል፤ እሱው ሐሙስ ይመለሳል፣ ጎኑ ባዶ ነው። ከመጣህ ሁሉንም በዓይንህ ታያለህ። ከቀረህም እኔው ተነሥቼ እናገራለሁ፤ የአለምነህ ፊት ምን እንደመሰለ፣ ስምህ ሲጠራ ማን ዞሮ እንዳየኝ፣ አንዲት ሳላስቀር እሑድ ቁጭ ብዬ እጽፍልሃለሁ።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፣ ገደሉን በሰላም ያውርድህ። በኛ ደጅ በረንዳ የለም አለነ፣ ቀና ብለህ ትገባለህ።

ዘቢደር