አየሩ የት ሰነበተ?

ጁላይ 8፣ ሰኞ

ጠዋት ሃያ ስድስት ዲግሪ። የሰሜን ነፋስ። የጣቢያዬን ቴርሞሜትር አነበብኩ፣ መዘገብኩ፣ ትሪኒዳድ ከተማ ላለው ዋና ሜትሮሎጂ ቢሮ በሬዲዮ አስተላለፍኩ። ማሳኮ፣ የተወቀጠ ሙዝ ከቋንጣ ጋር፣ በላሁ። ሌላ ምንም የለም።

ሰዉ ሁሉ ብርዱ አለቀ ይላል። ሰሜኑ በሞቀ ቁጥር እንዲህ ይላሉ... ሙቀቱ የሚብሰው ብርዱ ከደቡብ ሲቃረብ መሆኑን በየዓመቱ ይረሱታል።

አጎቴ ሮሴንዶ ሐሙስ ጥጆቹን ወንዝ ዳር ሜዳው ላይ ሊያወርድ ነው። አርባ ጥጃ፣ እትብታቸው ገና ያልደረቀ። ሣሩ እዚያ ለምለም ነው። መጠለያ ግን አንድ ዛፍ እንኳ የለም።

ጁላይ 9፣ ማክሰኞ

ሱራሶ ተነስቷል፣ የደቡቡ ብርድ። ረግረጉ ዳር ያለችው ፖርቶ ስዋሬዝ ደርሶ ቆሟል።

ለአጎቴ ልንገረው? አምናም ነግሬው ነበር። ዝናብ ይዞ ይመጣል አልኩ፣ ደረቅ ሆኖ አለፈ። ደረቁን ብርድ ጥጃ ይችለዋል። የሚገድለው ቺልቺ ነው፣ ለቀናት የማያባራው ካፊያ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ስሜ ቺልቺ ሆኗል። "ቺልቺ መጣች፣ ጃንጥላ ያዙ!"

ምኑ ላይ ነው የሳትኩት? ምን ያህል ይበርዳል ብዬ ብቻ ጠየቅሁ። የት ሰነበተ አላልኩም። ከደቡብ ሲነሳ ሁሉም ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። በቻኮ ደረቅ ምድር ላይ ተጣድፎ ካለፈ እንደ ቻኮ ደርቆ ይደርሳል። ረግረግ ላይ ከተኛ ግን... ረግረጉን ይጠጣል።

ጁላይ 10፣ ረቡዕ

ኔልቪን በሬዲዮ ጠራኋት። ኔልቪ የፖርቶ ስዋሬዝ ሜትሮሎጂ ጣቢያ ሠራተኛ ናት።

"አየሩ እናንተ ጋ ስንት ቀን ሆነው?"

"ሦስት። እንግዳ ነው ስንል ቤተኛ ሆነ።"

"ረግረጉስ?"

"ሞልቷል እንጂ! ግድግዳዬን ያልበዋል። ከእሁድ ወዲህ ልብስ አልደረቀልኝም፣ እርጥብ ቀሚስ ለብሼ ነው የማወራሽ።"

እርጥበቱ ዘጠና አራት ከመቶ። ብሳሳትስ? ብሳሳትም እናገራለሁ።

በረቱ ጋ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ሁሉ ቆመዋል።

"አጎቴ፣ አታውርዳቸው።"

"ቺልቺ! ላብ እያጠመቀኝ ስለ ብርድ ታወሪልኛለሽ?"

ሳቁ።

"አምና ተሳስቻለሁ። ይሄኛው ግን ሦስት ቀን ረግረግ ላይ የተኛ ነው። ውሃ ተሸክሞ ይመጣል። እስከ እሁድ ጫካው ሥር ይቆዩ።"

"ሣሩን ማን ይብላው? አንቺ?"

አልሄድኩም። የበረቱ መዝጊያ ግንድ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እኔ ካልወረድኩ በረቱ አይከፈትም። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ አልወረድኩም።

"እሺ! ሃያው ለአንቺ፣ ሃያው ለእኔ" አለ።

ግማሽ።

ጁላይ 11፣ ሐሙስ

ቀትር ላይ ሠላሳ ሦስት። አሥር ሰዓት ላይ አሥራ አራት። ካፊያው ጀመረ።

ጁላይ 14፣ እሁድ

አባራ። ሜዳ ከወረዱት ሃያዎቹ አሥራ አንዱ ሞተዋል። ጫካው ሥር ከቀሩት አንድ።

ደስ ሊለኝ ይገባል? ኔልቪን ማክሰኞ ጠርቻት ቢሆን ኖሮ ሌሎቹንም ሃያ ለማስቀረት ጊዜ ነበረኝ... አንድ ቀን ሙሉ ስለ ስሜ ሳስብ ዋልኩ።

ጁላይ 22፣ ሰኞ

ሰሜኑ እንደገና ሞቀ። ጣቢያውን ስከፍት አጎቴ በር ላይ ቆሟል። ባርኔጣው በእጁ።

"ኤርሚኒያ፣ ላውርድ ወይስ ላቆይ?"

"አላውቅም። መጠየቅ አለብኝ።"

"ጠይቂ።"

ሬዲዮው ይንሿሿል፣ ኔልቪ አልተገኘችም። እንደገና ጠራሁ። ተመልሶ ይሄዳል ብዬ ዞር አልኩ... ወንበር ስቦ ተቀምጧል።