ሳጥኑ ሳይከፈት

ሲልቨር ስፕሪንግ
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለብሩክታይት፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ዴንቨር በረዶ ጀመረ አሉ፤ ካፖርትሽን አትርሺ። እኔ እየበላሁም እየሠራሁም ነው። ለምን ደብዳቤ ጻፈች ብለሽ እንዳትደነግጪ። በስልክ ገና አፌን ስከፍት መፍትሔ ታመጪልኛለሽ። ደብዳቤን ግን ሰው አያቋርጠውም። ከስምንተኛ ክፍል ያቆመ እጅ ስለሆነ ይኸው መጻፍ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።

“እማዬ፣ ብቻሽን ነሽ፣ በሁለት ባቡር አሌክሳንድሪያ ለሥራ መመላለሱም ገደለሽ፤ ቤቱን ልቀቂና እኔ ጋ ነይ፣ ቲኬት ልቁረጥልሽ” ላልሽኝ መልስ አለኝ። በፊት ግን ሥራ ቦታ የሆነውን ልንገርሽ፤ መልሱ የመጣው ከዚያ ነው።

የምሠራበትን የአረጋውያን መዋያ ታውቂዋለሽ። መስከረም ላይ አባባ ኃይለልዑል የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ሰው መጡ። ልጃቸው ጠዋት አድርሳቸው ሄርንደን ሥራዋ ትሄዳለች። እኚህ ሰው ምሳ አልበላ አሉ። ቤታቸው ቁርስም እራትም ይበላሉ፤ እኛ ጋ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሱም።

ነርሷ ዮዲ ደግ ልጅ ናት፤ ጥድፊያ ግን ትወዳለች። “ፉዱን አልወደዱትም” ብላ ሴቨን ኮርነርስ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ፍርፍር አመጣች። አልበሉም። “ጥርሳቸው ነው” ተባለና ሾርባ ተሠራ። አልበሉም። “ዲፕሬሽን ነው” ተባለ፤ መዝሙር ተከፈተላቸው። መዝሙሩን አብረው ዘመሩ፤ ምሳውን አልነኩም።

እኔ ወንድምሽን አስታወስኩ። አንድ ጊዜ ከቸርች ስንመለስ አናንዴል የሰው ቤት ማሞቂያ ሊጠግን ይዞኝ ገባ። የመሣሪያ ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ ዝም ብሎ ተቀመጠ። “የሚጮኸው መቼ ነው? በር ሲዘጋ ነው ሲከፈት? መጀመሪያ የሰማው ማነው?” ይላል። ባለቤቲቱ ሰዓቷን ታያለች። እኔ አፍሬ፣ “አንተ፣ ሳጥኑን ክፈትና ሥራህን ሥራ እንጂ!” አልኩት።

“እማዬ፣ ሳጥኑን ቀድሜ ከከፈትኩት እጄ የለመደውን ነው የሚጠግነው፤ የተበላሸውን አይደለም” አለኝ።

ማሞቂያው ደህና ነበር። ይጮህ የነበረው ግድግዳው ላይ ያለው የአየር መውጫ የላላ መክደኛ ነው። አንድ ብሎን አጥብቆ ወጣ።

እኔም እንደ እሱ ልሁን ብዬ ሦስት ቀን ምንም ሳላመጣ አባባን ብቻ አየሁ። ምሳ ሲቀርብ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ጉልበታቸው ላይ ያደርጉትና ሰዉን ይቃኛሉ። ሌሎቹ መብላት ይጀምራሉ። እሳቸው ይጠብቃሉ። የሰዉ ሳህን ሲጋመስ ባርኔጣቸውን መልሰው ያጠልቁና የራሳቸውን ገፋ ያደርጉታል። ሦስቱንም ቀን እንደዚያው።

በአራተኛው ቀን ማንም ማንኪያ ሳያነሣ ጠጋ ብዬ፣ “አባባ፣ ማዕዱን ይባርኩልን” አልኳቸው።

ብድግ አሉ! ጸሎቱ እንዴት እንደረዘመ ብታዪ። አጠገባቸው የሚቀመጠው አሜሪካዊ ሽማግሌ ያለቀ እየመሰለው ሦስት ጊዜ “ኤመን” አለ። ከዚያ ቁጭ ብለው ሳህኑን ጠረጉት።

“አባባ፣ እስከ ዛሬ አይርብዎትም ነበር?”

“እንዴት አይርበኝም! ሆዴ ሲጮህ አልሰማሽም? ግን ሽማግሌ ተቀምጦ እህል እንዲሁ ይበላል?”

“ታዲያ ለምን አይነግሩንም?”

“አስባርኩኝ ተብሎ ይለመናል እንዴ፣ አንቺ ልጅ!”

አሁን ለሽማግሌዎቹ ሁሉ በየቀኑ የመባረክ ተራ ወጥቶላቸዋል። አሜሪካዊውም ይባርካል፤ የእሱ አጭር ስለሆነ ሁሉም ይወደዋል።

ዮዲ በስብሰባ ላይ አስጨበጨበችልኝ። “ጌጥዬ፣ ይሄን ከየት ተማርሽው?” ስትለኝ፣ ደረቴ በኩራት ሞልቶ “ከልጄ” አልኩ። ስለ እሱ ልነግራቸው ስል ግን ጭብጨባው ቆመ። ሁሉም ወለል ወለሉን ማየት ጀመረ። ዮዲ ሮጣ ውሃ አመጣችልኝ። እኔ ውሃ አልጠማኝም ነበር፣ ልጄ።

ያን ጊዜ የአባባ ረሃብ ገባኝ።

ወንድምሽ በመኪና አደጋ ካረፈ ስምንት ወር ሆነ። ሁላችሁም ስለምትወዱኝ መፍትሔ ታመጡልኛላችሁ። የቸርቻችን እኅት ታደለች መጥታ “እያየሽው አትጎጂ” ብላ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደችው። ፓስተራችን ሥራ ቀንሺ አሉኝ። አንቺ ቲኬት አልሽ። ሁላችሁም ሳጥኑን ቀድማችሁ ከፈታችሁት። ቤቱን እወደዋለሁ፤ ባቡሩም ያሳርፈኛል። የቸገረኝ ስሙን የሚጠራልኝ ሰው ማጣቴ ነው። አንቺም “ያ ነገር ከሆነ ወዲህ” ነው የምትይው። እኔም ያው ነኝ፤ የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ከላይ እስከ ታች “ወንድምሽ” ብቻ ነው።

ሀዲስ።

ይኸው፣ ጻፍኩት።

የሰው እናት በሐኪም ልጇ ትኮራለች። እኔ ሀዲስ የሚባል ማሞቂያ የሚጠግን ልጅ ነበረኝ፤ ከሞተ ከወራት በኋላ የተራቡ ሽማግሌ ምሳ አበላልኝ። እስቲ የትኛው ሐኪም ነው እንደዚህ የሚያደርግ?

ስለዚህ እኔ አልመጣም። ቲኬቱን ለራስሽ ቁረጪውና ለገና ነይ። ፎቶውን መልሰን እንሰቅላለን። ሁለታችሁ ከእኔ የደበቃችሁትን ሁሉ ትነግሪኛለሽ፤ የሳሎኑን መስኮት ማን እንደሰበረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የመሣሪያ ሳጥኑ እሱ እንዳስቀመጠው በሩ አጠገብ ነው። እሱን ብቻዬን አልከፍተውም።

ከማዕድሽ ሰው አይጥፋ። መንገድሽን ጌታ ቀድሞ ይያዝልሽ።

የሀዲስና የብሩክታይት እናት፣
ጌጤነሽ