አውቄ የወደቅኩት ፈተና

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 19
ከወይዘሮ ሎርና ቤት፣ ሳስካችዋን፣ ካናዳ

ለአባዬ፣ ለጠንካራው ሰውዬ፣

እንዴት ነህ? የማዕድን ካምፑ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? የመኪናውን ባትሪ ቀየርከው ወይስ አሁንም በግፊ ነው የምታስነሳት? እኔ አንበሳ ነኝ። በወረቀት ስለጻፍኩልህ እንዳትደነግጥ፤ የስልኩ መብራት ሰሞኑን ዓይኔን እየወጋኝ ነው። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ታውቃለህ፣ እንደምንም አንብበው።

የጎሉን ነገር ሰምተሃል መሰለኝ። አዎ፣ አስራ ሦስት ጨዋታ ሙሉ ባዶ ነኝ። ግን በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች አምስት ያገባው ማነው? በዚህ አገር የሆኪ በረዶ ላይ እንደኔ የሚበር ካለ ይምጣና ይሞክረኝ።

አሰልጣኝ ሴልቢን ታውቀዋለህ፣ ሲቆጣ ጣሪያ ያነሳል። እኔን ግን አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ማክሰኞ ቢሮው ጠራኝና፣

«ኮዲ፣ ጎል እንደ ድመት ናት። ስትጠራት አትመጣም። ዝም ብለህ ቁጭ በል፣ ራሷ መጥታ ጭንህ ላይ ትወጣለች» አለኝ።

«እኛ ቤት ውሻ ነው ያለው» አልኩት።

ሳቀ። «ሌላ ልጅ ቢሆን እስካሁን ከተጠባባቂ ወንበር አይነሳም ነበር። አንተን ግን እጠብቅሃለሁ፣ ልጄ። ያቺ ግጭት ትንሽ አስፈርታሃለች፣ ሌላ አይደለም።»

እኔ ልፈራ! ግጭቷን አልነገርኩህም ለካ። አምስተኛው ጨዋታ ላይ ነው። የእህል ጎተራ የሚያክል ተከላካይ በቀኜ መጣና ከአጥሩ መስታወት ጋር አላተመኝ። ከዛ በኋላ ያለውን ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ፤ ብቻ ተነስቼ በእግሬ ነው የወጣሁት አሉ። ለእማዬ እንዳትነግር።

አሁን የልጅህን ብልጠት ስማ። ኦገስት ላይ ገና ሳንጀምር ሁላችንንም ኮምፒውተር ላይ ይፈትኑናል። ቃል ያሳዩህና ይደብቁታል፣ ቅርጽ ያሳዩህና ይደብቁታል፣ ቶሎ ቶሎ መልስ ይሉሃል። ጭንቅላትህን የተመታህ ቀን ያንኑ ደግመው ይፈትኑህና ውጤቱን ያስተያዩታል። ከወረደ ወር ሙሉ ቤትህ ነህ። ትልልቆቹ ልጆች ታዲያ ጆሮዬ ላይ፣ «አውቀህ ውደቅ፣ ኋላ ብትመታም ውጤትህ የወረደ አይመስልም» አሉኝ። እኔም ደደብ ሆኜ ሠራሁት። ትምህርት ቤት ሳላውቅ ነበር የምወድቀው፤ ዘንድሮ አውቄ ወደቅኩ።

ከግጭቷ በኋላ የቡድናችን ወጌሻ ደግሞ ፈተነኝ። ያን ቀን እንኳ ከልቤ ነው የሠራሁት፣ ላብ እስኪያጠምቀኝ። ውጤቱ ኦገስት አውቄ ከወደቅኩት ጋር ልክ እኩል መጣ። ወጌሻው፣ «ያው ነህ፣ ድሮም እንዲሁ ነበርክ» ብሎ ስቆ ፈረመልኝ። ዕድል ነው ያለኝ አባዬ። አንድ ጨዋታ እንኳ አላመለጠኝም።

ልምምድ ላይ በረኛችን ግሬገር ይቀልድብኛል። «አንተ፣ በሩ እኔ ያለሁበት ነው፣ ማንን ነው የምትመታው? ሁለት ሁለት ታያለህ እንዴ?» አለኝ።

«ሁለት ባይ አንዷን እንኳ አገባ ነበር» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ የምንመታት ጥቁሯ ጎማ ዱላዬ ጋ ስትደርስ መንታ ትሆናለች። እኔ የምመታው የሌለችውን ነው መሰለኝ። ይለመዳል።

የመኪናውን ባትሪ ግን ቀየርከው? ክረምቱ ሳይብስ ቀይረው።

ወይዘሮ ሎርና ጥሩ ሴት ናት፣ ቡድኑ እሷ ቤት ስላስቀመጠኝ አላማርርም፤ የራሷ ልጅ እስክመስል ነው የምታበላኝ። ግን ነገር ታበዛለች። መጋረጃ ለምን ዘጋህ፣ እራት ላይ ጥቁር መነጽር ምንድነው፣ ይሄን ታሪክ እኮ ትናንት ነግረኸኛል ትለኛለች። ከጨዋታ በፊት ማስመለሴንም ሰምታለች። «ለአሰልጣኙ ልደውል» አለች። «እትዬ፣ ከደወልሽ ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ» አልኳት። ስልኩን መልሳ አስቀመጠችው። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ጁን ላይ ትልልቆቹ ቡድኖች ወጣት ተጫዋች ሲመርጡ ስሜ ካልተጠራ አንተ ጋ መጥቼ አካፋ መያዜ ነው። አንተ ደግሞ ከመሬት በታች ሃያ ዓመት የቆየኸው እኔ እንድከተልህ አይደለም።

ቅዳሜ ያንኑ የተጋጨሁበትን ቡድን ነው የምንገጥመው። ጎተራውም አለ። የትልልቆቹ ቡድኖች መልማዮች ይመጣሉ። አሰልጣኙ፣ «ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አስገባሃለሁ፤ ያስፈራህ ነገር ፊት ለፊት ካልተገጠመ አይለቅህም» ብሎኛል። ይሄ ደብዳቤ ማክሰኞ ቢደርስህ ነው። ስለዚህ ስታነበው ጎሉ ገብቷል ማለት ነው፤ ካምፕ ላሉት ሁሉ አሁኑኑ አውራላቸው።

ለገና ስትመጣ ትኬትህን በግራ በኩል ቁረጥ። በቀኜ ያለ ሰው ሰሞኑን እላዬ ላይ ካልደረሰ አይታየኝም፣ የሜዳው መብራት ነው መሰለኝ።

አንተ ከመሬት በታች ብትሆንም እግዜር ከላይ ያይሃል። በሰላም ግባ፣ በሰላም ውጣ።

ልጅህ
ኮዲ ፔትራሽ፣ ባለ 27 ቁጥሩ