ባለ ፎጣው በረኛችን

ውድ አርፓድ፣

ቦቶንድ ሲጫወት ለማየት ኬችኬሜት ከተማ ድረስ መጣሁ፤ ምነው በቀረብኝ! እኔና አንተ አሰልጥነን የላክነው የእጅ ኳስ በረኛ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራው ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ለሌሎች ፎጣ ማቀበል ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «ያ ባለ ፎጣው የእናንተ ከተማ ልጅ ነው አሉ?» ብትለኝ፣ «አላውቀውም» አልኳት።

ውጤቱ እኩል ሆኖ አንድ ደቂቃ ሲቀር ተጋጣሚ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። አሰልጣኙ «ቦቶንድ፣ ግባ!» ሲለው ጀግናችን ጉልበቱን ይዞ ምጥ እንደያዛት ሴት ተጣጠፈ። ሙሉውን ጨዋታ የተጫወተው የደከመው በረኛ እዚያው ግቡ ላይ ቀረ፤ ኳሷ ገባች፤ ተሸነፉ። እኛ ጋ እያለ ጣቱ ተሰብሮ እንኳ ከግብ አልወጣም ብሎ ያስቸገረን ልጅ እኮ ነው!

በር ላይ ጠብቄ «ጉልበትህን ምን ነካው?» አልኩት።

«ምንም አልሆነም፣ ጋሼ። ቢያገቡብኝስ? ውሌ እኮ የሚታደሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» ብሎኝ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

አዳራሻችን ውስጥ የሰቀልነውን ፎቶውን አውርድና ወለል የምትወለውለውን የኢርማን ስቀልበት፤ እሷ ቢያንስ ያልባታል።

የፖስታ ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። ባለቤትህን ማግዳንና ልጆቹን ሳምልኝ። የቦቶንድ እናት ከጠየቀችህ «በደንብ እየበላ ነው» በላት፤ እሱ እንኳ እውነት ነው።

ካልማን