ማንም ሳያባርረው የሚሮጠው ዴንግ

ወርቅአየሁ፣ እንዴት ሰነበትህ?

ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ ከሚማረው ደቡብ ሱዳናዊ፣ ከዴንግ ጋር ቆሰበር አጎቴ ቤት ነኝ። ዴንግ ደም ግፊት ስላለበት ሐኪም ሩጫ አዞለታል። ዛሬ ጠዋት በጉሙ ውስጥ ሲሮጥ ግን አጎቴን ነገሩ አላማራቸውም።

«ማንም ሳያባርረው የሚሮጥ ሰው አንድ ነገር ቢያደርግ ነው» አሉና፣ እኔን ፈረስ ላይ አፈናጠው ተከተሉት። አዲስ አበባ ቢሆን ቀና ብሎ የሚያየውም የለም።

የዘንገና ዳገት ላይ ዴንግ «ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ ቁጭ አለ።

አጎቴ አተኩረው አዩት። «እስከዚህስ በማን እግር መጣህ?»

ዴንግ ተነሥቶ ዳገቱን ጨረሰው።

አጎቴ አሁንም አላመኑትም። ለራት ግን የእሱ ወጥ ለብቻው፣ ያለ ጨው እንዲሠራ አዘዋል።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ፤ እናትህን ሳምልኝ።

ትዕዛዙ